ማስተካከያ፦ ስለ ጉበት ንቅለ ተከላ የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ህንድ ለሚሄድ ታማሚ ገንዘብ ስናሰባስብ «የደም ዓይነት ከገጠመ ሌላው ቀላል ነው፤ ቶሎ የሚገድለው ሰውነት ጉበቱን አልቀበልም ሲል ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ።

የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ጥናቶች እንደሚሉት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዋናዎቹ ገዳዮች አንዱ ኢንፌክሽን ነው። ታማሚው ከቀዶ ጥገናው በፊት በጣም ከተዳከመ፣ ኩላሊቱም ከተጎዳ አደጋው ይጨምራል። ከለጋሹ ተቆርጦ የሚሰጠው የጉበት ክፍል መጠንም ወሳኝ ነው። ብዙ ጊዜ ቢያንስ ከተቀባዩ ክብደት 0.8 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል። ለ60 ኪሎ ሰው 480 ግራም ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጭኗ የታማሚው እህት ደሟ ስለገጠመ ብቻ ለጋሽ ላትሆን ትችላለች። ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር።

ጽሑፌን አምነው «እህሉ ይሰብሰብና በጥር ይሄዳል» ያሉትን የታማሚውን አባት ትናንት ቡና ላይ አግኝቼ መሳሳቴን ነገርኳቸው። ጊዜውን ሐኪሙ ይወስን። የድሮውን ያጋራችሁ እባካችሁ አጥፉት።