ጎልድስቲን ተቺ ብቻ አልነበሩም
አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ እንግሊዛዊውን የስታቲስቲክስ ምሁር ሃርቪ ጎልድስቲንን፣ ትምህርት ቤቶችን በተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት የሚያበላልጠው የደረጃ ሰንጠረዥ ተቺ ብቻ አድርጎ አለፋቸው። ዋናው ሥራቸው ባለብዙ እርከን ሞዴል ነው፤ ይህም ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው መቧደናቸውን ታሳቢ የሚያደርግ የስታቲስቲክስ ዘዴ ነው፤ የስሌት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1986 አሳተሙ፣ ኤምኤልዊን የተባለው ሶፍትዌርም ከቡድናቸው ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ውጤት ይመሳሰላል። ከ100 ትምህርት ቤቶች 30 30 ተማሪ ተወስዶ በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ውጤት መካከል ያለው ዝምድና (የመመሳሰል መጠን) 0.2 ቢሆን፣ የመረጃው አቅም በ1+29×0.2=6.8 እጥፍ ይቀንሳል። አማካይ ውጤት ለመገመት እነዚያ 3,000 ተማሪዎች የሚሰጡት መረጃ በነሲብ የተመረጡ 441 ያህል ተማሪዎች (3,000÷6.8) ከሚሰጡት አይበልጥም። ይህን የዘለለ ተንታኝ የስህተት ህዳጉን አሳንሶ የሌለ ልዩነት «ያገኛል»።

ሰንጠረዡንም የተቹት ከዚሁ ተነስተው ነው። የተማሪዎቹ የመግቢያ ውጤት ታሳቢ ሲደረግ የአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የመተማመኛ ክልል (እውነተኛው ውጤት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ወሰን) ይደራረባል፤ ስለዚህ ማን ከማን እንደሚበልጥ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ያውም ወላጅ የሚያየው ቀድመው የወጡ ተማሪዎችን ውጤት ነው፤ የእሱ ልጅ የሚፈተነው ከዓመታት በኋላ!