ጎፈሬ ይቆጠራል ወይ?

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ባልደረባዬ እጅጌዬን ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ ጎተተኝ። «እስቲ ይህን እይ!» አለኝ። አየሁ። የከተማ ፎቶግራፍ ነው። ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የወጣ ጨርቅ መስሏል፤ ከታች ውኃ፣ ከውኃው ማዶ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የተሰለፉ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች፣ መብራታቸው ውኃው ላይ እየተርገበገበ። «እሺ» አልኩ። ከዚህ የበለጠ ምን እንደሚባል አላወቅሁም።

ያቺ «እሺ» ናት ጣጣ ያመጣችው። «እሺ ብቻ? የኒው ዮርክ ማንሃታን እኮ ነው!» አለኝ፤ የልጁን ፎቶግራፍ አሳይቶ «ደህና ነው» እንደተባለ አባት ፊቱ ወደቀ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባችን አንገቷን አስግጋ «ያረጀ ነገር! ሆንግ ኮንግን ያላየ ሰው ከተማ አየሁ አይበል» አለች። የሽያጭ ክፍሉ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ «ዱባይ እያለች?» ብሎ ገባ። ጋሼ ብቻ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ጋሼ፣ ከጋዜጣቸው ቀና አላሉም።

ሰው በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚቆጣ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከተማ ከሩቅ ሲታይ የሕንፃዎቹ ጫፍ ሰማዩ ላይ የሚስለው ቅርጽ አለ፤ እኔ «የከተማ ቁመና» እለዋለሁ። ለዚህ ቁመና ደረጃ የሚያወጡ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ የሚጣሉ፣ ሦስተኛ የተባለችባቸው እንደሆነ ምሳ የማይበሉ ሰዎች አሉ። ማንሃታን የሚለው ባልደረባዬ ማንሃታን ሄዶ አያውቅም። የሒሳብ ክፍሏ ሆንግ ኮንግን የምታውቃት ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው። ዱባይ ግን የዓይን ምስክር አላት፤ የሽያጭ ክፍሉ ወጣት አውሮፕላን ለመቀየር አራት ሰዓት ተቀምጦባታል። በሌሊት። ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ይህችን ተረት እወዳታለሁ። ሦስት ቃል ብቻ ናት፤ ያላዋልኳት ቦታ ግን የለም። በተዋሰው ኮት ስለሚንጎራደድ ሰው ብያታለሁ፤ የአጎቱን ሥልጣን እንደ ራሱ ስለሚተርክ ጎረቤት ብያታለሁ፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ «ዋንጫውን በላን» ስለሚል የኳስ ደጋፊ ብያታለሁ። አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ እንደተንጋለልኩ ስለ ወርቅ ጥርስ ሲነሳም ብያታለሁ፤ ሐኪሙ አልሳቀም። የተረቷ ብልኃት ወርቁን አለመካዷ ነው። ወርቅ አይደለም አትልም፤ አንተን አያደምቅህም ነው የምትለው። ማንሃታን ወርቅ ናት፣ ይሁን። አንተ ግን ያው አንተ ነህ፤ ሦስተኛው የሸሚዝ ቁልፍህ እንደተበጠሰ ከኮምፒውተርህ ፊት የተቀመጥከው።

ይህ ወርቅ ደግሞ ለባለቤቱም አለማድመቁ ነው የሚገርመው። የማንሃታንን ቁመና ለማየት ከማንሃታን መውጣት ግድ ነው፤ ወይ ብሩክሊን ተሻግሮ፣ ወይ ከሃድሰን ወንዝ ማዶ ኒው ጀርሲ ዳርቻ ላይ ቆሞ። የሆንግ ኮንግን ደሴት ደህና አድርጎ የሚያያት ከውኃው ማዶ ካውሉን ያለ ሰው ነው። ሻንግሃይም ሰማይ ጠቀሶቿን ከሁዋንግፑ ወንዝ ምሥራቅ ተክላ ተመልካቿን በምዕራቡ ዳርቻ ታሰልፋለች። የቺካጎ ፊት ለፊት ሐይቅ ነው። ዝነኞቹ ሁሉ ከፊታቸው ውኃ ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውኃ ላይ ፎቅ ሠርቶ እይታ የሚጋርድ የለም፣ መብራቱንም እጥፍ ያደርገዋል። እዚያው ውስጥ የሚኖረው ሰውዬስ ምን ያያል? የፊት ለፊቱን ሕንፃ መስኮት። መስኮቱ ውስጥ እንደ እርሱ ያለ አንድ ሰው ተቀምጦ እርሱን ያያል። ኪራዩን የሚከፍለው አንዱ፣ ውበቱን የሚበላው ሌላው።

ውስጥ መሆን ጥቅም የሚሰጠው ሕንፃው አስቀያሚ ሲሆን ነው። ፓሪሶች እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቀውን፣ 210 ሜትር የሚረዝመውን የሞንፓርናስ ሕንፃ አይወዱትም፤ ከአናቱ ላይ ሆኖ ማየት ግን ይወዳሉ፤ ከተማው ውስጥ ሞንፓርናስ የማይታይበት ቦታ ያ ብቻ ነዋ! ይህ ቀልድ ከሞንፓርናስ በፊት በኤፍል ማማ ላይ ይነገር ነበር። በ1887 ታዋቂ ጸሐፍትና ሠዓሊዎች ማማው ፓሪስን ያዋርዳል ብለው ተቃውሟቸውን ፈርመው በጋዜጣ አወጡ። ዛሬ ማማውን ከፓሪስ ቁመና ላይ አውጣ የሚል ሰው ቢነሳ ያው የልጅ ልጆቻቸው ፈርመው ያወግዙት ነበር። ስለዚህ ማማር ማለት መልመድ ይሆን እንዴ? ባልደረባዬን ልጠይቀው አሰብኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ፎቶግራፉ ራሱ የሚሠራው ተንኮል አለ። ከሩቅ ቆሞ በረጅም ሌንስ የሚያነሳ ሰው፣ በመንገዶችና በአደባባዮች የተራራቁትን ሕንፃዎች ጎትቶ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተጨናነቁ ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ያስቀምጣቸዋል። ከኋላ ተራራ ካለ ተራራውን አምጥቶ ጀርባቸው ላይ ይጭነዋል። ሰዓቱም ተመርጦ ነው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለችው አጭር ጊዜ፣ የሰማዩና የመስኮቱ ብርሃን እኩል የሚሆኑባት። ያው ከተማ በቀትር የአቧራና የሲሚንቶ ክምር ነው። ማንኛችንስ ብንሆን በቀን አንዴ ሃያ ደቂቃ የምናምርበት ሰዓት አይጠፋም፤ ፎቶ አንሺ አይገኝም እንጂ።

«828 ሜትር!» አለ የሽያጭ ክፍሉ ወጣት። በእርሱ ቤት ክርክሩ አለቀ። የዱባዩ ሰማይ ጠቀስ ቡርጅ ኸሊፋ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመረቅ በእውነትም 828 ሜትር ሆኖ ነው። ከዚያ ውስጥ የላይኛው 244 ሜትር ግን ሰው የማይቀመጥበት ጫፍ ነው። ሁለት መቶ አርባ አራት! ተቆርጦ መሬት ላይ ቢተከል ራሱን ችሎ ሰማይ ጠቀስ የሚባል ነገር፣ ጠረጴዛ የለበት፣ አልጋ የለበት። የሙያው ሰዎች ለእንዲህ ያለው ጭማሪ ስም አውጥተውለታል፤ በእኛ ቋንቋ «የከንቱ ውዳሴ ቁመት» ብንለው ልክ ይመጣል።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ምክንያቱ ከቡርጅ ኸሊፋ መሠረት መጣል ይቀድማል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለመረብ ኳስ ቡድን የሚመረጠው በቁመት ነበር። አስተማሪው ግድግዳው ላይ አቁሞ ማስመሪያ አናታችን ላይ እያሳረፈ በጠመኔ ያሰምራል። የመጨረሻዋ ቦታ ለእኔና ለአንድ ሌላ ልጅ ቀረች። እኔ በዚያ ሳምንት ራሴን በምላጭ ተላጭቼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ማንሳት አያስፈልግም። እርሱ ጎፈሬ ነበረው። ጎፈሬ ስል ሚዶ ተሰክቶበት የሚረሳ ጎፈሬ። አስተማሪው ማስመሪያውን ከጎፈሬው ላይ አሳረፈ፤ ጫን እንኳን አላለውም፤ እንቁላል ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ አሳረፈና ጠመኔውን ሰነዘረ። ልጁ በሁለት ጣት በለጠኝ። «መምህር፣ ጸጉር ነው እኮ!» አልኩ። «ጸጉሩ የራሱ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ የራሱ ነው፣ ግን ኳስ አይመልስበትም። ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። አዘንኩ ብዬ አልዋሽም።

ነገሩ በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ የተረዳሁት ስለ ሕንፃዎች ማንበብ ስጀምር ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ቫን አለንና ሴቨራንስ የሚባሉ፣ ቀድሞ አብረው ይሠሩ የነበሩ ሁለት አርክቴክቶች ተለያይተው በቁመት ይፎካከሩ ጀመር። ሴቨራንስ በዎል ስትሪት የሚያሠራው ሕንፃ 283 ሜትር ይደርሳልና አሸነፍኩ አለ። ቫን አለን ለካ የክራይስለር ሕንፃ ሆድ ውስጥ ሹል ብረት በምሥጢር ሲያስገጣጥም ከርሟል! እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1929 አንድ ቀን በሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ በአናቱ ብቅ አደረገው፤ 319 ሜትር። ጎፈሬውን ቆብ ሥር ደብቆ የመጣ ተማሪ ይሏችኋል ይህ ነው። በማግስቱ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ መንኮታኮት ጀመረ፤ ጎፈሬው ነው ያመጣው አልልም። በ1931 ኤምፓየር ስቴት 381 ሜትር ሆኖ መጣና ሁለቱንም ገላገላቸው።

ፊላደልፊያዎች ግን ጨዋዎች ነበሩ። የማዘጋጃ ቤታቸው አናት ላይ የከተማዋ መሥራች የዊልያም ፔን ሐውልት ቆሟል፤ ከሐውልቱ ቆብ በላይ ማንም እንዳይሠራ በቃል ብቻ ተስማምተው ለብዙ ዘመን ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ሕንፃ ቆቡን አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ታላላቅ የስፖርት ቡድኖች ዋንጫ ራቃቸው፤ ሰዉም የፔን እርግማን ነው አለ። በ2007 ብረት ሠራተኞች አዲስ በሚሠራው ረጅም ሕንፃ አናት ላይ ትንሽዬ የፔን ምስል አጣበቁ፤ በ2008 የቤዝቦል ቡድኑ ዋንጫውን በላ። እኔ በእርግማን አላምንም። ቡድናችን ሦስቱንም ጨዋታ መሸነፉን ግን ነግሬያችኋለሁ።

ትልቁ ግፍ የተፈጸመው በቺካጎ ላይ ነው። የሲርስ ሕንፃ በ442 ሜትሩ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዓለም ረጅሙ ነበር። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ጣራው ጠፍጣፋ፤ የተላጨ ራስ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኩዋላ ላምፑር መንትያ የፔትሮናስ ሕንፃዎች መጡ። የረጃጅም ሕንፃዎችን ቁመት የሚዳኝ ዓለም አቀፍ ምክር ቤት አለ፤ ተሰብስቦ ፈረደ። የፔትሮናስ ሹል ቁንጮ የሕንፃው አካል ነው፣ ይቆጠራል። የሲርስ አንቴና ተለጣፊ ነው፣ ከ500 ሜትር በላይ ቢደርስም አይቆጠርም። 452 ለ442። በአሥር ሜትር! ሰው የሚገባበትን የላይኛውን ፎቅ ካየን የሲርስ ከፔትሮናስ ብዙ ይበልጣል፤ ግን ማን ሰምቶ? ምክር ቤቱ ማባበያ አላጣም፤ ሌሎች መመዘኛዎች ጨምሮ «በጣራና በፎቅ ከፍታ አንደኛ ነህ» አለው። እኔንም ያን ቀን አስተማሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተ በጠባይ አንደኛ ነህ» ብለውኛል።

በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ዮርክ በፈረሱት መንትያ ሕንፃዎች ቦታ ያቆመችው አዲሱ ሕንፃ ለፍርድ ቀረበ። ጣራው 417 ሜትር ነው፤ ከሲርስ ያንሳል። አናቱ ላይ ያለው ምሰሶ ሲጨመር 541 ይሆናል። ምሰሶው አንቴና ነው ወይስ ቁንጮ? በጫማ ሲለካ ልክ 1,776 ይመጣል፤ የአሜሪካ የነፃነት ዓመት። እንዲህ ያማረ ቁጥር ማን ይከለክላል? ቁንጮ ነው ተባለ። ይህን የፈረደው ምክር ቤት መቀመጫው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እዚያው ቺካጎ! አንቴና ሆኖ መወለድ እንዴት ያለ መከራ ነው! ከሹሉ ብረት የሚለየው ሥራ መሥራቱ ብቻ ነው፤ ሞገድ ይቀበላል፣ ሞገድ ይልካል፣ አይቆጠርም። ሥራ ፈቱ ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት በልቤ ነው። ወደ ራሴ ስመለስ ሦስቱ ጭራሽ ብሶባቸው ነበር፤ የሒሳብ ክፍሏ የሆንግ ኮንግን ተራራ በእጇ አየር ላይ እየሣለች፣ ባልደረባዬ ፎቶግራፉን ሕንፃ በሕንፃ እያጎላ፣ ወጣቱ «828» እያለ። እኔ ተረቴን ምላሴ ጫፍ ላይ አድርሼ ዝምታ እየጠበቅሁ ነበር።

ዝም ያሰኙልኝ ጋሼ ናቸው። ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አንተስ ልጄ፣ የትኛዋን ትመርጣለህ?»

«ቺካጎን!» አልኩ። ጮክ ብዬም ሳይሆን አይቀርም፤ ከኮሪደሩ አንድ ሰው ብቅ ብሎ አየን።

«ሄደህ ታውቃለህ?» አለች የሒሳብ ክፍሏ።

«የመሄድ ጉዳይ አይደለም» አልኳት፤ «አንቴናው ቢቆጠር ኖሮ እኮ...» ባልደረባዬ «የምን አንቴና?» አለ። ጋሼ ጋዜጣቸውን መልሰው ከፍ አደረጉ። እኔ ከሲርስ ጀመርኩ፤ ወደ ክራይስለር ልሻገር ስል የግራ ትከሻዬ ደነዘዘብኝ። ቦርሳዬን ለካ እስካሁን አላወረድኩትም።