የፔፕሲው ኩባያ እንኳ አልቀረም

ቦሂሚያን ራፕሶዲ የሚለውን፣ ክዊን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ዘፋኝ ስለነበረው ስለ ፍሬዲ ሜርኩሪ የተሰራውን ፊልም ያያችሁ መጨረሻው ላይ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት እንዳለበት ታስታውሳላችሁ። ኮንሰርቱ የተደረገበት የድሮው ዌምብሌይ ስታዲየም ስለፈረሰ መድረኩን ከለንደን ወጣ ብሎ ቦቪንግደን የሚባል የድሮ አየር ሜዳ ላይ እንደ አዲስ ሰሩት፣ ፒያኖው ላይ የነበሩት የፔፕሲ ኩባያዎች ሳይቀሩ ተደርድረዋል፣ ፍሬዲን ሆኖ የተጫወተው ራሚ ማሌክም እጁን እንዴት እንደሚያነሳ ማይክ እንዴት እንደሚይዝ ከድሮው ቪዲዮ ጋር እያመሳከረ ነው ያጠናው። ኮንሰርቱ ለማን ነበር? ለኛ ነበር። ለሰባ ሰባቱ ረሃብ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በነሱ ጁላይ 13 ቀን 1985። የኛ ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ በወሬ መሃል ተነስቶ ያልፋል፣ ከዛ ስልኩ ሲጮህና ገንዘቡ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ሲደርስ ይታያል፣ በቃ። ለኩባያ የተጨነቁትን ያህል ለኮረም አልተጨነቁም፣ እና ይሄ ነገር ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ፍሬዲን ጠልቼው እንዳይመስላችሁ፣ በጣም ነው የምወደው። ልጁ እኮ ከኛው ሰፈር ነው፣ ዛንዚባር ነው የተወለደው፣ ፋሮክ ቡልሳራ ይባላል፣ ህንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዛንዚባር ላይ አብዮት ሲነሳ ቤተሰቡ ሸሽቶ ለንደን ገባ። ስደተኛ ነው ማለት ነው፣ እንደኛ። በ1970 አካባቢ ስሙን ቀየረ፣ ጥፍሩን ጥቁር ቀባ፣ ነጭ ክንፍ የመሰለ ልብስ አሰፍቶ መድረክ ላይ ወጣ። ጊዜው የግላም ሮክ፣ ማለትም ወንዶቹ ዘፋኞች ተኳኩለው በሚያብለጨልጭ ልብስ የሚወጡበት ሙዚቃ ጊዜ ነበር። የለንደን ሀክኒው የከባድ መኪና ሹፌር ልጅ ማርክ ፌልድ፣ ማርክ ቦላን ሆኖ በ1971 ፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ተቀብቶ ቲቪ ላይ የወጣ ጊዜ ነው ነገሩ የተጀመረው ይባላል። የብሪክስተኑ ዴቪድ ጆንስ ደግሞ መጀመሪያ ቦዊ ሆነ፣ ቀጥሎ ፀጉሩን ቀይ አስቀብቶ ከሌላ ዓለም የመጣ ዚጊ ስታርደስት የሚባል ሰው ሆነ። ከዛ ጁላይ 3 ቀን 1973 ሀመርስሚዝ መድረክ ላይ ቆሞ ይሄ የመጨረሻው ነው ብሎ ዚጊን ሸኘው፣ የገዛ ባንዱ አባላት እንኳ አንዳንዶቹ አያውቁም ነበር። ፔኒቤከር የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር ካሜራ ይዞ እዛው ስለነበር ሁሉም ተቀርጿል። ቦዊ ከዛ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ፣ ከዛም ሌላ፣ ማንም አንተ እኮ ዚጊ ነህ ብሎ አልያዘውም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ። ቦዊ ዚጊን በሸኘ በሦስት ወሩ፣ ኦክቶበር 1973፣ የእንግሊዝ ቲቪ የጋዜጠኛውን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ። አንድ ሀገር፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ሳጥን ቲቪ። በአንደኛው ሰው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ተኳኩሎ፣ ልታይ ብሎ የወጣ ነው፣ በሌላኛው ሰው የማያውቀው ካሜራ መጥቶበት ዓይኑ ላይ ዝንብ እንዳለ የተቀረጸ ነው። ረሃቡን አልክድም፣ እንዴት ብዬ እክዳለሁ፣ በሰባ ሰባቱ በመቶ ሺዎች ነው ህዝባችን ያለቀው፣ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ካሜራማኑ ሞሀመድ አሚን ኮረም ባይደርሱ ኖሮ ከዛም ይብስ ነበር። እኔ የምለው ቦዊ በየዓመቱ መልኩን ሲቀይር እኛ እዛው አንድ ምስል ላይ ተቸንክረን ቀረን ነው። ላይቭ ኤይድ ላይ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ ሰዓቱን ለረሃቡ ቪዲዮ ሰጠ፣ ትልቅ ነገር ነው ያደረገው እግዜር ይስጠው፣ ቪዲዮው ላይ ልትሞት ነው የተባለችው ህፃን ብርሃን ወልዱ ድና አድጋ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ከማዶና ጋር ወጣች። አድጋ ትልቅ ሴት ሆና እንኳ ያቺው የቪዲዮዋ ህፃን ተብላ ነው የተዋወቀችው። እሷን ስምሽ ማን ይሁን፣ እንዴት እንይሽ ያላት የለም።

የስራ ባልደረባዬ ፊልሙን አይታ በማግስቱ እያዘነች፣ አንተም እንግሊዝ የመጣኸው በዛ ምክንያት ነው አይደል አለችኝ። ጥሩ ሰው ናት፣ ክፋት የላትም። ግን እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ የመጣሁትም ከረሃቡ ብዙ ቆይቶ ነው፣ ይሄን ማስረዳት ጀምሬ መሃል ላይ ደከመኝ። የሰላሳ ዓመት ስዕል በአንድ የሻይ ሰዓት አይፈርስም። ፊልሙ ከዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ አራት ኦስካር ወስዷል፣ ስንት ሰው እንዳየው አስቡት።

ፊልሙ እኮ ውሸትም አለበት። ባንዱ ተበትኖ ለላይቭ ኤይድ እንደታረቀ አድርጎ ያሳያል፣ በእውነቱ ግን ከኮንሰርቱ ሁለት ወር በፊት እስከ ጃፓን አብረው እየዞሩ ሲጫወቱ ነበር። የፍሬዲን የኤድስ በሽታም ከኮንሰርቱ በፊት ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ያሳያል፣ እሱም ከዛ በኋላ የሆነ ነገር ነው። አንዳንዱ እንግሊዛዊ በዚህ ተናዷል፣ እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የገረመኝ፣ አባትየው ልጁ ስሙን በመቀየሩ ሲቀየም፣ ልጁም አባቱን ሲያሳዝን ሳይሸፋፈን ታይቷል። ባንዱ ውስጥ የነበረው ጠብም ታይቷል። እኛ ጋ ይሄ ይሆናል? አርቲስት ሲሞት የህይወት ታሪኩ ይነበባል፣ ከአባቱ ከአቶ እገሌ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደ፣ ለሀገሩ ብዙ አበረከተ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር። አዝማሪ ልትሆን ነው ተብሎ ከቤት መባረሩ አይነሳም፣ ቤተሰብ ይቀየማላ። ሰውየው ራሱን እንዴት እንደሰራ ሳይነገር አፈር ይለብሳል።

ያልነበረን እንዳይመስላችሁ! ለንደን ላይ ቦላንና ቦዊ ሲያብለጨልጩ አዲስ አበባ ላይ አለማየሁ እሸቴ ነበረ። ልጅ እያለ ሆሊውድ እሄዳለሁ ብሎ ከቤት የጠፋ፣ ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ የሚያበጥር፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጥቶ ያንን ሁሉ ጩኸትና ስልት ይዞ መድረኩን የናጠ። እ.ኤ.አ. በ1969 አመሀ እሸቴ የሚባል ሸክላ አሳታሚ፣ ሸክላ ማሳተም የመንግስት ብቻ ነው የሚለውን ህግ ጥሶ የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጣው በአለማየሁ ድምፅ ነው፣ ገና ሀያ ምናምን ዓመቱ ነበር አመሀ። ይሄ ብቻውን ስንት ፊልም ይወጣዋል! ከዛ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊቱ ህይወት ጠፋ፣ አመሀ እ.ኤ.አ. በ1975 ተሰደደ። ደርግ ራሱ የፊልምን ጉልበት በደንብ ያውቅ ነበር፣ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተመንግስት ግብዣ ጋር ቆራርጦ ቀጥሎ ንጉሱን ከማውረዱ በፊት በነበረው ምሽት ለህዝብ አሳይቷል። እና ያንን ዘመን ዛሬ በምስል አስታውሱ ብትባሉ ምን ይመጣላችኋል? የረሃቡና የግብዣው። አለማየሁ በዛ ልብስ በዛ ፀጉር ሲወዛወዝ የሚመጣለት ወጣት ስንቱ ነው?

እዚህ እንግሊዝ የቦዊን እቃ ቪ ኤንድ ኤ የሚባለው ሙዚየም ከ80 ሺህ በላይ አድርጎ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2025 ምስራቅ ለንደን ላይ ማዕከል ከፈተለት፣ ጃፓናዊው ያማሞቶ የሰራለት ልብስ፣ ግጥም የሞነጫጨረበት ወረቀት ሁሉ አለ። አይቼው ስወጣ ተናድጄ ነው የወጣሁት። በማህበራችን የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ በወጣትነታቸው እነ አለማየሁን እየተከተሉ ሲጨፍሩ የነበሩ፣ አፍሯቸው ከፎቶው ጠርዝ የሚያልፍ፣ ሱሪያቸው ጫማቸውን የሚሸፍን። ስለ ሙዚየሙ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ የኛን እቃማ እኛው ነን የጣልነው፣ ደርግ ሲመጣ ፎቶውንም ቀደድነው፣ ማን ምን እንደሚለን አናውቅም ነበራ" አሉኝ። አንዷ ፎቶ ብቻ ነው የቀረቻቸው፣ እሷም እህታቸው መጽሐፍ ውስጥ ደብቃ አቆይታላቸው ነው። ቅጂ ልውሰድ ብዬ ለምኛቸዋለሁ።

ታዲያ እንግሊዝን ብቻ መውቀስ አልችልም። እነሱ የራሳቸውን ሰው ነው ያከበሩት፣ የኛን ማክበር የኛ ስራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አመሀም አለማየሁም በአንድ ዓመት ሄዱብን። ማህሙድ አህመድ ግን አለ። ጫማ ጠርጎ ያደገ፣ አሪዞና ክለብ በጉልበት ስራ ተቀጥሮ ዘፋኞቹ የቀሩ ቀን ተነስቶ የዘፈነና በዛው የቀረ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሚሌኒየም አዳራሽ ተሰናብቶናል። አዲስ አበባ ያላችሁ ካሜራ ያላችሁ ልጆች፣ በናታችሁ የበዓል ፕሮግራም ጥያቄ አትጠይቁት፣ እንዴት ጀመርክ፣ ለወጣቱ ምን ትመክራለህ አትበሉት። ያን ቀን ምን ለብሰህ ነበር፣ ልብሱን ከማን ተዋስክ፣ ሰፊው ማን ነበር፣ እናትህ ሲሰሙ ምን አሉ፣ ጥላህ የሄደች ሴት ነበረች ወይ በሉት፣ እሱም ይመልስላችኋል፣ ደብቁልኝ ያለውን ደብቁለት፣ የቀረውን ግን ቅረጹ።