ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ ስል «እብዶችን ነው?» ለምትሉኝ ዘመዶቼ

ሥራ አገኘሁ፣ ሃይስኩል ውስጥ ሳይኮሎጂ ላስተምር ነው ብዬ አገር ቤት የደወልኩ ቀን እናቴ «እሱ ደሞ ምንድነው?» አለችኝ፣ «የሰው ጠባይ ነው እማዬ፣ ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል የሚለውን ነው» አልኳት፣ ትንሽ ዝም ብላ «ጠባይማ ከቤት ነው የሚወጣው» ብላ ስልኩን ለአጎቴ አቀበለችው። አጎቴ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ። «አማኑኤል ዓይነት ቦታ ነው?» አይደለም ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ነው፣ ልጆች ናቸው። «ታዲያ ያመማቸው ልጆች ናቸው?» ኧረ ጤነኛ ናቸው። «ጤነኛ ከሆኑ ምን ያደርግላቸዋል!» ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ለሱ የሚሆን መልስ አላገኘሁም።

የማስተምረው ሜሪላንድ ነው፣ ኮሪደር ላይ «ኧረ ባክህ!» ሲባል የምትሰማበት፣ ሐበሻ የበዛበት ሰፈር። ኮርሱ ኤፒ ሳይኮሎጂ ይባላል፣ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቱን ኮርስ ሃይስኩል ላይ ቀድሞ መውሰድ በሉት፣ ሜይ ላይ አገር አቀፍ ፈተና አለው፣ ከ1 እስከ 5 ይታረማል፣ 3 እና ከዛ በላይ ላመጣ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲት ይሰጣሉ (ሁሉም አይሰጡም፣ ይቺን ለወላጅ ስናገር ነው ፀቡ የሚጀመረው)። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀመር እኔ አዲስ አበባ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የስድስተኛ ክፍሉን ነገር እመለስበታለሁ።

እኛ ጋ ሳይኮሎጂ የሚባል ነገር የምንተዋወቀው ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ነው። የእህቴ ልጅ አምና ፍሬሽማን ሆኖ ጄነራል ሳይኮሎጂ ሲወስድ የሞጁሉን ገፅ ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ይልክልኝ ነበር፣ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞቃል፣ ያው ነዋ! ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመን ላይፕዚግ ላይ የሳይኮሎጂ ላብራቶሪ ከፈተ፣ ፓቭሎቭ ምግብ ሲሰጥ ደወል እየደወለ አስለምዶት በኋላ በደወሉ ብቻ ውሻው ለሀጩን አዝረከረከ፣ እኔ እዚህ ስላይድ ላይ የማወጣው ሁሉ አንድ በአንድ እዛ አለ። ልዩነቱ ልጁ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ላይ ነው፣ «አጎቴ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» ሌላ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። አልፈርድበትም፣ እኔም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ወጥቼው ኤ ያመጣሁበት ኮርስ ነው።

እዚህ የመጀመሪያ ዓመት ሳስተምር ፓቭሎቭን በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨርሼ፣ ቦርዱ ላይ ቀስቴን አስምሬ፣ ደስ ብሎኝ ዞር ስል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ምራቁን በምን ነበር የሚሰበስቡት?» በምን ነበር? ዲግሪ ይዤበታለሁ እኮ፣ አገር ቤት ለስንት ተማሪ አስተምሬዋለሁ፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም የጠየቀኝም የለም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ለካ የውሻውን ጉንጭ በኦፕሬሽን ከፍተው የምራቁን ቱቦ ወደ ውጭ አውጥተው ነው ጠብታ በጠብታ የሚለኩት፣ ሰውየው ደሞ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው በምግብ መፈጨት ጥናቱ እንጂ በደወሉ አይደለም። በማግስቱ ይሄን ስነግራቸው ክፍሉ ተቀወጠ። አንዷ አለቀሰች። አንዱ «ውሻው ፈቅዶ ነው?» አለኝ። ውሻው ፈቅዶ! እኔ እንጥሌ ሲቆረጥ እንኳ የጠየቀኝ ሰው የለም።

መቼም የማይለመደኝ የበሽታ ስም ነገር ነው። ልጅቷ እስክሪብቶዋን በቀለም በቀለሙ ስለደረደረች ኦሲዲ (ሐሳብና ድርጊት እያስደጋገመ የሚያስጨንቀው ሕመም) አለብኝ ትላለች፣ ካፌቴሪያ ፒዛ ያለቀበት ልጅ ትራውማ ሆነብኝ ይላል፣ የቤት ሥራ ያላመጣው አንዛይቲዬ፣ ጭንቀቴ ማለቱ ነው፣ ተነስቶ ነው ይልሃል፣ ሁሉም ዲያግኖሲሱን ከቲክቶክ ይዞ ነው የሚመጣው። እኛ ጊዜ የቤት ሥራ ያላመጣ ሰው ያለው ምክንያት አንድ ነበር፣ «ቤት ረስቼው ነው»፣ መድኃኒቱም አንድ ነበር፣ አርጩሜ። ይሄን እያሰብኩ ልስቅ እልና ሳቄ አፌ ላይ ይቀራል፣ አሥራ አንደኛ ክፍል አብሮን የሚማር ልጅ ነበር፣ ጎበዝ፣ አንድ ሰሞን ዝም አለ፣ ከዛ ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ እሱ ከዴስኩ አልነሳ አለ፣ ለክፎት ነው ተባለ፣ ፀበል ወሰዱት፣ በቃ። አንድ መምህር የት ደረሰ አላለም። እኛም አላልንም። እዚህ ቢሆን በሁለተኛው ቀን ካውንስለሩ ያስጠራው ነበር፣ ፒዛ ያለቀበትንም አስጠርቶታል እኮ።

በዚህ መሀል ኢሜይሉን አትርሱልኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ 89.4 ያመጣች ልጅ እናት «90 የማይሆንበትን ምክንያት በጽሑፍ ብታስረዳኝ» ትለኛለች። 89.4 ስለሆነ ነዋ! የኔ እናት ትምህርት ቤቴን ያየችው ሁለቴ ነው፣ አንዴ ስታስመዘግበኝ አንዴ መስኮት ሰብሬ።

ወላጅ ካነሳሁ አይቀር ስለ አንድ አባት ልንገራችሁ። ዳያና ባውምሪንድ የምትባል ሳይኮሎጂስት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የልጅ አስተዳደግን ሦስት ቦታ ከፈለችው። አውቶሪቴሪያን የምትለው ያልኩህን አድርግ ለምን አትበለኝ ነው፣ ፐርሚሲቭ የፈለግሽውን ሁኚ ነው፣ አውቶሪቴቲቭ ደሞ ሕግ አለ ግን እንነጋገርበት የሚለው ነው፣ ጥናቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወድሱት ይሄኛውን ነው። የሦስቱን ሠንጠረዥ ስላይድ ላይ ሳወጣ የሐበሻ ልጆቹን ፊት ማየት ነበረባችሁ፣ ከአራት ጥግ እየተፈላለጉ ይተያያሉ፣ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

በሁለተኛው ሳምንት የወላጅ ቀን ሆነ። አንድ አባት ከሥራ ቀጥታ መጥቷል፣ የፓርኪንግ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም፣ «እንደምን አመሹ መምህር» ብሎ በሁለት እጁ ጨብጦኝ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። የልጁን ውጤት ነገርኩት፣ ጎበዝ ናት። አልሰማኝም። «እኔ የምለው» አለ፣ ወዲያው ከእርሶ ወደ አንተ ወረድን፣ «እኔ የምልህ፣ ለልጄ ስለ እኔ ምን ብለህ ነው ያስተማርካት? እራት ላይ ደርግ ነህ አለችኝ።» ኧረ እኔ ደርግ የሚል ቃል አልወጣኝም! «አውቶሪቴሪያን አለችኝ፣ ጎግል አደረግኩት፣ ደርግ ነው የሚለው።»

ላብራራ ሞከርኩ። ሠንጠረዡ የተሠራው አሜሪካኖችን ታይቶ ነው፣ ሩት ቻው የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 የቻይና እናቶችን አይታ ቁጣቸውና ቁጥጥራቸው ከሠንጠረዡ ጋር አይገጥምም፣ እነሱ ጋ ማሠልጠን ነው፣ ውስጡ ፍቅር አለው ብላ ጽፋለች አልኩት። አሰበና «እኛ ግን ቻይና አይደለንም» አለኝ። እሱም እውነት ነው። ከዛ ወደ በሩ ዞር ብሎ ልጁ አለመምጣቷን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺ ሦስተኛዋ፣ ጥሩዋ፣ ምን ምን ነው የምታደርገው?» አለኝ።

«ምክንያቱን ትነግራታለህ።»

«እሺ፣ ስልኳን ማታ ለምን እንደምቀማት ነገርኳት፣ ከዛስ?»

«እሷ የምትለውን ታዳምጣለህ።»

«አዳመጥኩ። ከዛስ?»

«ከዛ ትቀማታለህ።»

«እሱማ ቀላል ነው» ብሎ ተነሳ፣ እየወጣ «ይሄን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ» አለኝ።

አሁን ወደ ስድስተኛ ክፍል። በየዓመቱ ሚልግራም የሚባለው ሳይኮሎጂስት የሠራውን የመታዘዝ ሙከራ ሳስተምር ፊልሙን ከማሳየቴ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ታሪኩን እስከ ግማሽ እነግራቸዋለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጥቶ ለመጣ ሰው አራት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይከፈለዋል፣ «አንተ አስተማሪ ነህ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ተማሪ ሲሳሳት ይሄን ተጫን» ይባላል፣ ማሽኑ ከ15 ቮልት ጀምሮ እስከ 450 ይወጣል፣ ተማሪው ግድግዳውን ይደበድባል፣ በኋላ ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል (የሚያስመስል የሙከራው ሰው ነው፣ ኤሌክትሪኩም ውሸት ነው፣ የሚጫነው ሰውዬ ግን አያውቅም)፣ አላደርግም ሲል ግራጫ ጋወን የለበሰው የሙከራው ኃላፊ ረጋ ብሎ «ይቀጥሉ» ይለዋል። እዚህ ላይ አቆምና እናንተ ብትሆኑ ማን ነው የሚያቆም፣ እጅ አውጡ እላለሁ። ሁሉም ያወጣል። አሥር ዓመት ሙሉ ሁሉም እጁን ሲያወጣ ነው ያየሁት። እኔም እንደለመድኩት ሚልግራም ውጤቱን ሳይነግር የጠየቃቸው ሳይካትሪስቶች እስከ መጨረሻው የሚሄድ ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው ብለው ነበር፣ ከ40 ሰው 26ቱ 450 ድረስ ሄዱ ብዬ ኩም አደርጋቸዋለሁ።

ዘንድሮ 28 ተማሪ፣ 27 እጅ። ያላወጣው ከአገር ቤት ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው የኛ ልጅ ነው፣ ሲመልስ እስካሁን ከወንበሩ የሚነሳ፣ ተቀመጥ ብለው ብለው የማይለቀው። ተነሳ። «ቲቸር፣ እኔ እጫነዋለሁ» አለ በእንግሊዝኛ። እስከ ስንት? «እስከሚሉኝ ድረስ። አስተማሪው አለ አይደል?» ሲል ክፍሉ «ብሮ!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ግራ ገብቶት ወደኔ አየና በአማርኛ «ያልመለሰን ተማሪ በጥፊ በል ስንባል እንመታ የለ እንዴ?» አለኝ።

ያንን ልምድ ማብራራት የሚያስፈልገው አንባቢ እዚህ ያለ አይመስለኝም። መምህሩ የብዜት ሠንጠረዥ እየጠየቁ ይዞራሉ፣ የመለሰ ያልመለሰውን በጥፊ ይላል። እኔ መለስኩ፣ አጠገቤ ቆሎ የምንካፈል ጓደኛዬ ሳተ። ፈራሁና ፊቱን ነካ አደረግኩት። መምህሩ መጡና «ጥፊ እንዲህ ነው» ብለው እኔን አቀመሱኝና «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት፣ ጣቶቼ ጉንጩ ላይ ቀሩ። በእረፍት ሰዓት ቆሎውን አልካፈለኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ «450 ቮልት፣ 65 ፐርሰንት» ብዬ ሸምድጄ ፈተናውን ስደፍን ይሄ ነገር አንዲት ቀን ትዝ አላለኝም። ዬል ስላለበት ከተማ፣ ስለ ኒው ሄቨን ሰዎች ነበራ የማነበው።

ይሄን ለክፍሉ ተረጎምኩላቸውና የራሴንም ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዛ የፊት ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ልጅ በጣም ኮስተር ብላ «ሪፖርት ማድረግ አለብህ፣ መምህር ስለሆንክ ሕጉ ያስገድድሃል» አለችኝ። ለማን ነው የማደርገው? ለ1984 ዓ.ም.? የኛ ልጅ አሁንም እንደቆመ ነው፣ «ቁጭ በል እንጂ» ብለው «እሺ ቲቸር» ብሎ ቶሎ ተቀመጠ፣ እሱን ሳይ ደሞ ሌላ ነገር ቆረጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለዛ ጓደኛዬ ደወልኩለት። አዲስ አበባ ነው፣ አይሱዙ ይነዳል፣ በዓመት በዓል ነው የምንደዋወለው። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነግሬው «ይቅር በለኝ» አልኩት። በሳቅ ፈነዳ። «አንተ ነህ የመታኸኝ? እኔ ነኝ እንጂ አንተን ያጮልኩህ! ሰባት ጊዜ ስምንት ተብለህ ሃምሳ አራት ብለህ!» ኧረ እኔ ነኝ የመታሁህ! «ተው እንጂ፣ እጄ እስካሁን ያስታውሳል።» ተከራከርን። እኔ ደሞ በየዓመቱ የሰው ትዝታ እንዴት እንደሚሳሳት ያጠናችውን ኤልዛቤት ሎፍተስን የማስተምር ሰው ነኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የመኪና አደጋ ፊልም አሳይታ ጥያቄው ውስጥ ያለውን አንድ ቃል ከ«ተጋጩ» ወደ «ተላተሙ» ስትቀይረው ከሳምንት በኋላ ሰው ያልነበረ የመስታወት ስብርባሪ አየሁ አላት እያልኩ ልጆቹን የማስገርም፣ ጣቶቼ ጉንጩ ላይ ሲቀሩ ግን ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። የማን ጣቶች፣ የማን ጉንጭ።

ሲያቅተን ሳቅን። ስለ ልጆቻችን ተጠያየቅን፣ ስለ ነዳጅ ሰልፉ አማረረኝ፣ ልንዘጋ ስንል ድምፁን እንደዛ መምህር አጎርንኖ «ሰባት ጊዜ ስምንት!» አለኝ።

«ሃምሳ ስድስት» አልኩት፣ ሳይጨርስ።