ይመረት ወይስ ይምጣ?

ዕቃ ከገበያ ሲጠፋና ዋጋ ሲንር ሁለት ዓይነት ሰው ይነሳል። አንዱ «ይህን እኛው ማምረት ነበረብን» ይላል። ሌላው «ልቀቁት፣ ይግባ» ይላል። ሁለቱን በጽሑፍ አከራክረናቸዋል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ አገር እጥረቱንና ንረቱን የሚሻገረው ራሱ አምርቶ ነው ወይስ የሚገዛበትን በር አብዝቶ? ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይመረት ባይ፦

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ማድመቁ ይቅር፤ የሰው ወርቅ በቸገረ ቀን ጭራሽ አይገኝም። በ2020 ወረርሽኙ በገባ በሳምንታት ውስጥ በርካታ አገሮች ጭምብልና የሕክምና ዕቃ ከድንበራቸው እንዳይወጣ ከለከሉ። ነጻ ገበያን ሲሰብኩ የኖሩትም ጭምር። በ2022 የፓልም ዘይት በማምረት ከዓለም አንደኛ የሆነችው ኢንዶኔዥያ ዘይቱን ለሦስት ሳምንት ከምናምን አልሸጥም አለች። በ2023 ደግሞ ህንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ እንዳይወጣ አገደች። ከዓለም የሩዝ ንግድ 40 በመቶ ገደማው የእሷ ነበር። አልፈርድባቸውም። ማንም መንግሥት ቀድሞ የሚያበላው የራሱን ሕዝብ ነው። ገዢው ግን ገንዘቡን እንደያዘ ይቀራል።

የምንዛሪውም ጣጣ አለ። ሰው የሚማረርበት አንድ ነገር አለ፦ ነጋዴው ከሦስት ወር በፊት ያስገባውን፣ መጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሰ ዕቃ ዛሬ በአዲስ ዋጋ ይሸጣል። «ሌባ!» ይባላል። አንዳንዱ በእርግጥም ሌባ ነው። አብዛኛው ግን የሚያሰላው የገዛበትን ሳይሆን መልሶ የሚገዛበትን ዋጋ ነው። የአገሩ ገንዘብ ከወረደ፣ በድሮው ዋጋ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ዙር የመደርደሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ዕቃው ላይ ምንም ሳይደርስ፣ አምራቹም ሳይጨምር፣ ዋጋው በአንድ ሌሊት ይዘላል። ከውጭ የሚገዛ አገር ከዕቃው ጋር የሰውን የዋጋ ንረትና የራሱን ምንዛሪ ውድቀት አብሮ ይገዛል።

ይምጣ ባይ፦

ስለ ነጋዴው በተናገሩት እስማማለሁ። ብዙ ሰው ቢረዳው ደስ ይለኛል። መፍትሔው ላይ ግን እንለያያለን።

አሜሪካ የሕፃናት ዱቄት ወተቷን ከሞላ ጎደል በራሷ ፋብሪካዎች ነበር የምታመርተው። የውጩን በቀረጥና በቁጥጥር አግዳ ይዛዋለች። ልክ እርስዎ እንደሚመኙት ማለት ነው። በየካቲት 2022 ሚቺጋን ያለው የአቦት ፋብሪካ በባክቴሪያ ብክለት ስጋት ሥራ አቆመ። አንድ ፋብሪካ! ግንቦት ላይ ወላጆች ወተት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ይንከራተቱ ነበር። ያቺ ሀብታም አገር በመጨረሻ ወተቱን በወታደራዊ አውሮፕላን ከጀርመን አስጫነች። ያዳናት ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው፤ ያስቸገራት የራሷ ምርት በጥቂት እጅ መያዙ።

ደግሞስ «የአገር ውስጥ ምርት» የምንለው ምኑ ነው የአገር ውስጥ? አንድ የሳል ሽሮፕ ያንሱ። ፍቱን ንጥረ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቻይና ወይም ከህንድ የመጣ ነው። ጠርሙሱ የተነፋበት የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ በመርከብ ገብቷል። ክዳኑም፣ የመለያው ቀለምም፣ የመሙያ ማሽኑ ጎማም እንደዚያው። ከአገሩ የተገኘው ውሃው፣ ጉልበቱና፣ ዕድል ከቀና፣ ስኳሩ ነው። የዓለም መድኃኒት ቤት የምትባለው ህንድ እንኳ ከውጭ ከምታስገባው ጥሬ ንጥረ ነገር አብዛኛውን የምትገዛው ከቻይና ነው። እና ምንዛሪው ሲወርድ ይህ ሽሮፕ የማይወደድበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይመረት ባይ፦

ይወደዳል፤ ግን ጭማሪው ያንሳል። ያለቀለትን ሽሮፕ የሚያስገባ አገር አብዛኛውን የሚጭነው ውሃ ነው። የመድኃኒቱን ዱቄት ብቻ በከረጢት የሚያስገባ የምንዛሪ ወጪው ይቀንሳል፣ መርከብ ላይ የሚይዘው ቦታም ያንሳል።

ቦታ ማለት ደግሞ ገንዘብ ነው። ከወረርሽኙ በፊት የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አማካይ ኪራይ ከ2,000 ዶላር በታች ነበር። በመስከረም 2021 ከ10,000 አለፈ። ስልክ ለጫነ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ስልክ ሲካፈል ሳንቲም ነው። የስፖንጅ ፍራሽ ለጫነስ? ሳይታመቅ ከተጫነ አንድ ኮንቴይነር የሚይዘው ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። በእያንዳንዱ ፍራሽ ላይ በአሥር የሚቆጠር ዶላር ይጨመራል። ግዙፍና ርካሽ ዕቃ ነው ንረቱ ክፉኛ የሚመታው። እሱን ደግሞ በአብዛኛው የሚገዛው ድሃ ነው።

በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ምን እንደሆኑ ደግሞ ሄይቲን ይጠይቁ። በ1995 የሩዝ ቀረጧን ወደ 3 በመቶ አወረደች። በድጎማ የረከሰው የአሜሪካ ሩዝ ገባ፣ ገበሬው ከገበያ ወጣ። ቢል ክሊንተን ራሳቸው በ2010 ያ ፖሊሲ ስህተት እንደነበር ለምክር ቤታቸው ተናግረዋል። እስከዚያ ገበሬው መሬቱን ጥሎ ከተማ ገብቷል።

ይምጣ ባይ፦

ፍራሹን ይውሰዱት። ኮንቴይነር ሙሉ አየር መጫን ለማንም አያዋጣም፤ ያንን ፋብሪካ ለማቆም የመንግሥት ከለላም አያስፈልግም። የሄይቲም ነገር ያሳዝናል፤ ድጎማ የተደረገለት ዕቃ ከውድድር አይቆጠርም።

ግን ሳዑዲ ዓረቢያን እንይ። በረሃ ላይ ስንዴ አመርታለሁ ብላ ተነሳች። ገንዘቡ ነበራት፤ ተሳካላትም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከስንዴ ላኪዎች ተርታ ገባች። ያ ሁሉ ስንዴ የበቀለው ግን በሺዎች ዓመታት ከመሬት ሥር በተጠራቀመ፣ በማይተካ ውሃ ነው። በ2008 ቀስ በቀስ ልታቆም ወሰነች፤ በ2016 ከገበሬው መግዛቱን ተወችው። ራስን መቻል ሲባል በምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ስንዴ ይሸመታል፤ ያ ውሃ ግን ከየትም አይሸመትም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። በ2010 ቻይና ከጃፓን ጋር ስትጋጭ ለሞተርና ለኤሌክትሮኒክስ የሚያስፈልጉ ብርቅ ማዕድናት ወደ ጃፓን መሄዳቸው ተቋረጠ። ጃፓን ማዕድኑን ከራሷ አፈር እስክታወጣ አልጠበቀችም። አውስትራሊያ ውስጥ ማዕድን አውጪ ኩባንያ ላይ ገንዘብ አፈሰሰች፣ ክምችት ያዘች፣ የምትጠቀመውንም መጠን ቀነሰች። ስዊዘርላንድ ደግሞ እህል፣ ነዳጅና መድኃኒት አስመጪዎቿን የወራት ክምችት እንዲይዙ በሕግ ታስገድዳለች። ለዜና የሚሆን ነገር የለውም፤ ሪባን አይቆረጥበትም። ሹመኞች የማይወዱትም ለዚህ ይመስለኛል።

ይመረት ባይ፦

ክምችት የሚይዘው ምንዛሪ የተረፈው ነው። ስዊዘርላንድን ለድሃ አገር ምሳሌ ማድረግ ቅንጦት ነው። ለዕለት የሚሆነውን ለመግዛት ወረፋ የሚጠብቅ አስመጪ የአራት ወር ዕቃ ገዝቶ ይቆልፍ?

ይምጣ ባይ፦

ፋብሪካስ በነጻ ይቆማል? ማሽኑ ገና ሲታዘዝ ምንዛሪ ይበላል። ከዚያ ባለቤቱ «ፋብሪካዬ ገና ጨቅላ ነውና ከውጭ ዕቃ ጠብቁልኝ» ይላል። ህንድ ውስጥ ገበያዋን ለአገር ውስጥ አምራች ከልላ በያዘችበት ዘመን ስኩተር ለመግዛት ዓመታት ወረፋ ይጠበቅ ነበር። አምራቹ ገዢ አይጠፋበትም፤ ምን ቸገረው? ያም እኮ እጥረት ነው፤ የአገር ውስጥ እጥረት።

ይመረት ባይ፦

ደቡብ ኮሪያም ፋብሪካዎቿን ከውጭ ዕቃ ጠብቃለች። ግን «ውጭ ወጥተህ ሽጥ፣ ያለዚያ ብድር የለም» እያለች። ጥፋቱ ከመጠበቁ ሳይሆን ያለ ግዴታ ከመጠበቁ ነው።

ይምጣ ባይ፦

እሺ። የከለላውን የመጨረሻ ቀን ይጻፉልኝ።

ይመረት ባይ፦

አሥር ዓመት። ቀረጡ በየዓመቱ ይወርዳል፤ በአሥረኛው ዜሮ። በአምስተኛው ዓመት ውጭ መሸጥ ያልጀመረ ከዚያው ከከለላው ይውጣ።

ይምጣ ባይ፦

በአሥረኛው ዓመት ባለፋብሪካው አምስት ሺህ ሠራተኛ አስከትሎ፣ «ሁለት ዓመት ብቻ ጨምሩልኝ» ብሎ ሚኒስትሩ በር ላይ ቢቆምስ? ምርጫው ደግሞ ስድስት ወር ቢቀረው?

ይመረት ባይ፦

ለዚህ ነው ቀረጡ በየዓመቱ ይውረድ ያልኩት። በአሥረኛው ዓመት የሚቀረው ትንሽ ስለሚሆን ለእሱ ሲል ሰልፍ የሚወጣ አይኖርም። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ቅነሳ ግን ይወጣል። እዚያ ላይ የሚጸና መንግሥት ከሌለ፣ እርስዎ ያሉትን ክምችትም ሸጦ ይበላዋል።