ሁለት ዓመት ልምድ አምጣ!

ዛሬ ሆድ ብሶኛል፣ ትንሽ ላውራበት።

የጭነት መኪና (ትራክ) ሹፌር ነኝ፣ የራሴን ትራክ ይዤ ልሥራ ስል ኢንሹራንሱ የሁለት ዓመት ልምድ አምጣ ይለኛል። ይሄ «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚባለው ነገር ሕግ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሕግ አይደለም! እዚህ አሜሪካ ከስቴት ስቴት ጭነት ለማመላለስ የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቅህ 21 ዓመት እንዲሞላህ፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ)ና ሜዲካል ካርድ (የጤና ምርመራ ወረቀት) እንዲኖርህ ነው። ከ2022 ወዲህ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በተመዘገበ ማሠልጠኛ መማርም አለበት። የራስህን ኤምሲ፣ ማለት በራስህ ስም ጭነት የምታመላልስበትን የፌዴራል ፈቃድ፣ ልታወጣ ስትል ደግሞ ፎርም ትሞላለህ፣ 300 ዶላር ትከፍላለህ። እዚያ ላይ ስንት ዓመት ነዳህ የሚልህ የለም። የሚልህ ኢንሹራንሱ ነው። ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ኤምሲው ሥራ አይጀምርም። መንግሥት ንዳ ያለህን ሰውዬ ኢንሹራንሱ ቁጭ በል ይልሃል፣ ትራኩም የወር ክፍያው እየቆጠረ ግቢ ውስጥ ተገትሮልሃል።

ልምድ ባይኖረኝ እሺ። አለኝ እኮ! ግን የነዳሁት ለአንድ አበሻ ነው። ጥቂት ትራኮች ነበሩት፣ ክፍያው በፐርሰንት፣ ወረቀቱ በ1099፣ ማለት እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር። ሬት (የጭነት ዋጋ) ሲወድቅ ካምፓኒውን ዘጋው። አሁን ኢንሹራንሱ «ከአሠሪህ ደብዳቤ አምጣ» ይለኛል፣ ሰውዬው ደግሞ ስልክ አያነሳም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያዝኩት። «እሺ የኔ ወንድም፣ ሰኞ እልክልሃለሁ» አለኝ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገረኝም።

ለኢንሹራንስ ኤጀንቷ ደግሞ ደውዬ 1099ኙንም፣ የሴትልመንት (የክፍያ ዝርዝር) ወረቀቶቹንም፣ የነዳሁበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሎጌንም ልላክልሽ አልኳት። ኪቦርዱን ስትነካካ ይሰማኛል። «ሪከርድህ ንጹሕ ነው፣ አደጋም ቲኬትም የለብህም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጠለች፣ «ግን የሚያረጋግጥልህ ካምፓኒ ስለሌለ እንደ አዲስ ሹፌር ነው የምናይህ።» ይሄን ስሰማ ጨጓራዬ ተላጠ። ትራኩ ላይ የተገጠመችው ሰዓት መዝጋቢ መሣሪያ፣ ኢኤልዲ፣ እኮ መንኮራኩሩ መዞር ከጀመረ ጀምሮ ትመዘግባለች። በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት አስበልጬ ብነዳ ወይ ሥራ ከጀመርኩ 14 ሰዓት ካለፈኝ በኋላ ብነዳ፣ ኢንስፔክተሩ የሷን ቃል አምኖ እዚያው መንገድ ዳር ያቆመኛል። ለቅጣት ሲሆን ሎጉ ይታመናል፣ ለልምድ ሲሆን ግን ከወረቀት አይቆጠርም።

የኔስ ይሁን። እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ–ጅቡቲ ተሳቢ ሲነዱ የጨረሱ። አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን በዚያ ሙቀት ያመላለሱ፣ ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ጠብቀው ያደሩ፣ ጎማ በረሃ ላይ ሲፈነዳ ሮድ ሰርቪስ የሚባል ነገር ሳይጠሩ ከረዳታቸው ጋር ፈተው የቀየሩ ሰው ናቸው። አምስተኛ መንጃ ፈቃዳቸው አሁንም ቦርሳቸው ውስጥ ናት። እዚህ ያ ሁሉ ዜሮ ተባለ። አሜሪካ ውስጥ፣ በክላስ ኤ (የባለ ተሳቢ) ሲዲኤል፣ በትራክተር ትሬለር ካልሆነ አይቆጠርም። ሁሉም ነገር አንድ ነው አልልም። ጋላፊ በረዶ የለም። አይ–70 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ከዴንቨር ወደ ተራራው ስትወጣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ሰንሰለት ሳትይዝ ማለፍ አትችልም፣ እሱን መማር አለባቸው። ይማሩ! ግን ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣ የ21 ዓመት ልጅ ጋር እኩል ናቸው መባሉ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

እሺ፣ ኢንሹራንሱ በስንት ልመና ተቀበለህ እንበል። ለአንድ ትራክ የመጀመሪያው ዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቅህ ይችላል። ለተለመደው ጭነት ሕጉ 750 ሺህ ሽፋን ይበቃል ይላል፣ ጭነት የሚያገናኙት ብሮከሮች ግን 1 ሚሊዮን ላያብሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት)ና 100 ሺህ ካርጎ (ለጭነቱ) ካላየን ይላሉ። ከፈልክ። ሎድ ቦርድ፣ ጭነት (ሎድ) የሚለጠፍበትን ድረ ገጽ፣ ከፈትክ። ከግሪሊ ሥጋ፣ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ዋጋውም አይከፋም፣ ያንተ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ) ባዶ ነው። ደወልክ። ብሮከሩ ስምህን እንኳ ሳይጠይቅህ «ኤምሲ ነምበር?» ይልሃል። ሰጠኸው። ዝም ይላል፣ ያያል። «ሶሪ፣ ኤምሲህ ስድስት ወር አልሞላውም።» ጆሮህ ላይ ጠረቀመው።

አሁን ደግሞ የወረቀቱ ዕድሜ መጣ! ሹፌሩ ሁለት ዓመት ጠብቆ ጨረሰ ስትል ወረቀቱም ይደግ ይሉሃል።

ምክንያታቸውን አውቃለሁ። ሎድ ተቀብሎ ለሌላ አሳልፎ የሚሸጥ፣ ገንዘቡን ይዞ የሚሰወር፣ አንዳንዴም ጭነቱን ጭምር ይዞ የሚጠፋ በዝቷል። ግን ያመጡት መላ ማንን ያዘ? አሮጌ ኤምሲ እኮ እንደ መኪና እየተሸጠ ነው። ሌባው የከረመ ኤምሲ ገዝቶ በደህና ወረቀት ይገባል፣ በራሱ ስም ትናንት ያወጣው ምስኪን ውጭ ይቀራል። ማጣሪያ ብለው ያቆሙት ነገር ሌባውን አሳልፎ እኔን ያዘኝ።

«ታዲያ ትልቅ ካምፓኒ ሥር ግባ» የምትሉኝ አላችሁ። የራስህን ትራክ ይዘህ ልትገባ ስትል እነሱም ልምድ ይጠይቃሉ፣ ከገባህም ከግሮሱ (ወጪ ሳይቀነስ ከሚገባው ጠቅላላ ገቢ) ደህና አድርገው ይቆርጣሉ። ልምድ ሳይጠይቅ እጁን ዘርግቶ የሚቀበልህ ሊዝ ፐርቸስ ነው፣ የካምፓኒውን ትራክ እየተከራየህ በመጨረሻ ያንተ ይሆናል የሚባልበት ውል፣ ከድጡ ወደ ማጡ። ትራኩን በየሳምንቱ ትከፍልበታለህ፣ ኢንሹራንሱን፣ ናፍጣውን፣ ጥገናውን ትችላለህ፣ ሎድ የሚሰጥህ ግን ያው ትራኩን ያከራየህ ካምፓኒ ነው። ሎድ ሲቀንስብህ ክፍያው አይቀንስም። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀርህ ዕዳ እንጂ ትራክ አይደለም። ይሄን ያጠና የፌዴራል ግብረ ኃይል ራሱ በ2025 መጀመሪያ ነገሩ ይታገድ ብሎ ለኮንግረስ ሐሳብ አቅርቧል። እስከዛው ግን ማስታወቂያው እንዳለ ነው፣ «ያለ ልምድ፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ!»

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ቁጭ ብለው «ትራክ ግዙ፣ ሚሊየነር ሁኑ» የሚሉን ናቸው። በ2021 ሬት ሰማይ በነካ ጊዜ ገብተው አተረፉ፣ እሰየው፣ ከ2022 ወዲህ ሬት ወድቆ የሆነውን ግን አይነግሯችሁም። አንዳንዱማ ዛሬ ትራኩን ሸጦ ዲስፓቸር፣ ለሹፌሮች ጭነት እየፈለገ የሚያስከፍል፣ ሆኗል። ሌላው ጭራሽ ትራክ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ልጅ ነው፣ ከግሮስህ አሥር ፐርሰንት አምጣ ይላል። እሱን ስንት ዓመት ልምድ አለህ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።

በሉ፣ 1099ና ሴትልመንት አይቶ ልምድ የሚቆጥር ኢንሹራንስ ኤጀንት የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ለጋሼም ጭምር ነው የምጠይቀው። «ዲስፓች ላድርግህ» የምትሉ አትድከሙ።