ይድረስ ለ«አለ፣ ና!»

ይድረስ ለተከበርከው የመኪና ሻጭ ወንድሜ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተና ከሲልቨሯ ቪትዝ ናፍቆት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ጉዳዩ፦ ሁለት ጊዜ ስለተሸጠችብኝና እስካሁን ስላልተሸጠችው መኪና ይሆናል።

ስምህን አልጠራም። አንደኛ ነገር አላውቀውም፤ ስልኬ ላይ «ቪትዝ» ተብለህ ነው የተመዘገብከው። ደግሞ ብጠራህ አንተ ብቻ ትቀየማለህ፣ ሙያው ግን የብዙዎቻችሁ ነው። ከቦሌ እስከ ሳሪስ፣ ከሲኤምሲ እስከ ጦር ኃይሎች ደውያለሁ፤ ድምፁ ይለያይ እንጂ መልሱ አንድ ነው። «መኪናው አለ?» እላለሁ። «አለ፣ ና!» ትላላችሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ እሑድ ማታ ነው። ቴሌግራም ሳገላብጥ ማስታወቂያህ ፊቴ ድቅን አለ። «የ2003 ሞዴል ቪትዝ፣ ኮድ 2፣ የሴት አያያዝ፣ ንክኪ የሌለው፣ አራቱም ጎማ አዲስ፣ ፎቶው ዛሬ የተነሳ፣ ለፈላጊ ብቻ» ይላል። ዋጋው ደግሞ ከሌላው 200 ሺህ ብር ያነሰ። «ለፈላጊ ብቻ» የምትለዋ አንጀቴን በላችው። እኔ እኮ ፈላጊ ነኝ! ስንት ዓመት ዕቁብ ጥዬ፣ ከሠራተኛው ማኅበር ተበድሬ፣ ሚስቴን «አንድ ክረምት ብቻ ታገሺ» ስል ሦስት ክረምት ያስታገስኩ ፈላጊ ነኝ።

ለምን ቪትዝ እንደምፈልግ አንተ አትጠይቀኝም፣ ከኔ በላይ ታውቃለህ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ ያረጀ መኪና ማስመጣትን ኪስ የሚያቃጥል ነገር አደረገው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ያው ያለችው ናት፣ ሌላ አትጨመርም። ሰው ሲያረጅ ይረሳል፣ ቪትዝ ስታረጅ ትወደዳለች። ለነገሩ ከመጀመሪያውም መጠርጠር ነበረብኝ። ቪትዝ ለጃፓን የተሠራች፣ መሪዋ በቀኝ የነበረ፣ እኛ አገር ለመንዳት መሪዋን ወደ ግራ ያዞረች መኪና ናት። ከመነሻዋ የዞረች መኪና ታሪኳ ቀጥ እንዲል መጠበቄ የኔ ሞኝነት ነው።

ሰኞ ጠዋት ደወልኩ። «አለ፣ ና!» አልክ። ሁለት ቃል። ከመሥሪያ ቤት «አክስቴ ታማለች» ብዬ ወጣሁ (አክስቴን ይቅር በይኝ ብያታለሁ)፣ ጋሼ የምላቸውን መካኒክ ከአያት ይዤ፣ ራይድ ከፍዬ፣ ሰኔ ላይ እንደሚሆነው ጭቃውን ተሻግረን ደረስን። ጋሼ ሞተር ሊያዳምጡ ጆሯቸውን፣ ቀለም ሊመረምሩ ማግኔታቸውን ይዘው መጥተዋል። አንተ በሩ ላይ ማኪያቶህን ይዘህ ቆመሃል። ገና ሳታየን በፊት አዘንክልን።

«ውይ ወንድሜ! አሁን እኮ ነው! አስር ደቂቃ አይሞላም! አቧራዋ እንኳ ገና አልወረደም!»

ወደ አስፋልቱ ዞር ብዬ አየሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ አስፋልት ነው። ምን አቧራ አለው?

ከዚያ ትከሻዬን አቀፍከኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያቀፈኝ ሰው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው ያጋጠመኝ። «ዕድልህ ነው፣ እግዜር ሲያወጣህ ነው፣ አሁን ማን ነዳጅ ይገዛል?» እያልክ ወደ ውስጥ አስገባኸኝና ነጭ፣ ዜሮ ዜሮ፣ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ፊት አቆምከኝ። ስክሪኗ ሳሎኔ ካለው ቴሌቪዥን ይበልጣል። ዋጋዋ የቪትዟ እጥፍ ነው። ጥሩ መኪና ልትሆን ትችላለች፣ አላማትም። ግን ወንድሜ፣ እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ቻርጁን የት ላድርገው? በመስኮት ኤክስቴንሽን ላውርድ? ያውም መብራት ባለበት ቀን?

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቪትዟ የምትሸጥ ዕቃ አይደለችም። ወጥመድ ላይ የታሰረች ቋንጣ ናት። ቋንጣዋን ማንም አይበላትም፣ ለዚያ ነው የማታልቀው።

በማግስቱ ማታ ተመልሳ መጣች። «አዲስ ገባ» ይላል፣ ሦስት የእሳት ምልክት ተደርጎበት። ፎቶዋን በጣቴ አጉልቼ አየኋት። ከኋላ ጎማዋ አጠገብ አደይ አበባ ፈክቷል። ቢጫ፣ የሚያምር፣ እቅፍ የሚሞላ አደይ። ወንድሜ፣ ወሩ ሰኔ ነው! አደይ የሚፈካው በመስከረም መሆኑን ካልሰማህ እንቁጣጣሽ ላይ እቅፍ ይዘው በየበራችን የሚመጡትን ሕፃናት ጠይቅ። «ዛሬ የተነሳ» ያልከው ፎቶ ቢያንስ አንድ ፋሲካ አልፎታል።

ይቺው ፎቶ ሌሎች ሦስት ደላሎች ጋ አለች። ደወልኩላቸው። አንዱ «የራሴ ናት፣ ራሴ ነኝ የምነዳት» አለኝ። ሌላው «የእህቴ ናት፣ ውጭ ልትሄድ ነው» አለኝ። ሦስተኛው «የዶክተር ናት፣ ከቤት ሆስፒታል ብቻ ነው የሄደችው» አለ። ሦስት ዋጋ፣ ሦስት ባለቤት፣ አንድ አደይ አበባ።

ዋጋዋም አንድ ቦታ አይቆምም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ «ዶላር ጨምሯል እኮ» የምትል መልስ አግኝታችኋል። አዲስ ለሚገባው መኪና ይሁን። ቪትዟ ግን አገር ከገባች አስራ ምናምን ዓመቷ ነው! በየጠዋቱ የባንክ ምንዛሪ አይታ ነው ሞተሯ የሚነሳው?

ሁለተኛ ጊዜ ስደውል ዘዴህ ረቀቀ። «አለ፣ ግን ሌላ ሰው መንገድ ላይ ነው፣ 20 ሺህ ቀብድ በቴሌብር ጣል አርግና ልያዝልህ» አልከኝ። ውልስ? አልኩህ። «ወንድሜ፣ እኛ እኮ በመተማመን ነው የምንሠራው» አልክ። እኔና አንተ መቼ ነው የተማመንነው? እኔ እስካሁን ያመንኩት አደይ አበባዋን ብቻ ነው። ቀብድ ቀልድ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህን ስነግርህ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ደውዬ «እንግዲያው የሊብሬውን ፎቶ ላክልኝ፣ እዳና እገዳው ይጣራ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ እንገናኝ» ስል እንደገና ተቋረጠ። የሚገርም ኔትወርክ ነው፤ «አለ» ስትል ጥርት ይላል፣ «ሊብሬ» ስል ይጠፋል።

ቀብዱን አልላኩም። ግን ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ! ለምን እንደሄድኩ ሚስቴም ጠይቃኛለች። ፈላጊ ነኛ። «ባለቤቱ ይዟት ወጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰርግ አጅባ ነው» አልከኝ። በሰኔ ጾም! ጋሼ ምንም አላሉም፣ ቀስ ብለው አማተቡ።

ሦስተኛው ላይ እኔም ብልጥ ሆንኩ። እህቴን «ልክ ስደርስ መልእክት እልክልሻለሁ፣ ያኔ ደውይለት» አልኳት። ደረስኩ። አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ «ትናንት ማታ ተሸጠ፣ ዛሬ ጠዋት ተዋውለው ሄዱ፣ ምን ላድርግህ ወንድሜ» አልክ። እያዘንኩ ለእህቴ መልእክቱን ላክሁ። ስልክህ ጮኸ። አነሳህ።

«አቤት እህቴ... ቪትዟ? አለ፣ ነይ!»

ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው። አንዲት ስንዝር ርቀት ላይ ነው የቆምኩት። ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢያንስ ይስላል ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን በመዳፍህ ሸፈን አደረግህና፣ እንደ ቤተሰብ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደንበኛ ናት» አልከኝ።

ደንበኛ ናት! እኔስ ምንድን ነኝ?

ስንመለስ ራይዱ ውስጥ ጋሼ ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ሦስቱንም ቀን ሂሳባቸውን ከፍያለሁ፣ እውነት ለመናገር አልፈልግም ብለው ነበር፣ በግድ ነው የሰጠኋቸው። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ስንቆም፣ «ልጄ፣ በአርባ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ድምፅ የሌለው ሞተር አጋጥሞኝ አያውቅም» አሉ።

አማርኛችን ቅኔ መሆኑን የረሳሁት እኔ ነኝ። «አለ» ሁለት ነው። «ይገኛል» ማለት ነው፣ «ተናገረ» ማለትም ነው። እኔ ሰሙን ይዤ ከአያት ድረስ እሮጣለሁ፣ ወርቁ አንተ ጋ ቀርቷል። አልክ እንጂ የለም።

አንድ ነገር ግን ልመንህ። መኪና ይሸጣል፣ ለዚያ ነው ገበያ የወጣው። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቢወስዳት አልቀየምም፣ «ይባርክልህ» ብዬ እመርቀዋለሁ። አንተ ብቻ ፎቶው ላይ «ተሸጧል» ብለህ ጻፍበት። ወይም ስደውል «የለም» በለኝ። «የለም» እኮ ቀላል ቃል ነው፣ ቀረጥ የለውም፣ ዶላርም አይነካውም። «የለም ካልኩ ስልኩን ይዘጋዋል» ትል ይሆናል። አዎ እዘጋዋለሁ! ዘግቼ ሥራዬን እሠራለሁ፣ አክስቴም አትታመምም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አንድ አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። ያሪስ ነው፣ ሰማያዊ። ሻጩ ሌላ ሰው ነው። አሁን ዘዴ ተምሬያለሁ፤ «ሞተሩን አስነሳና የዛሬዋን ቀን በአፍህ እየጠራህ ቪዲዮ ቅረጽልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው አነበበው። መጻፍ ጀመረ፣ ተወው፣ ጀመረ፣ ተወው። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሱ መጣ።

«ና እንጂ ወንድሜ፣ በአካል ይሻላል።»

ከሰላምታ ጋር፣
ፈላጊው

ግልባጭ፦
ለጋሼ፣ ማግኔታቸውን ለጊዜው እንዲያስቀምጡ፤
ለአክስቴ፣ ከይቅርታ ጋር፤
ለሲልቨሯ ቪትዝ፣ ካለች።